ቼ በለው፦ የአንድ ሸክላ ታሪክና የምስክር ጥያቄ

ከጉና ተራራ እስከ በሽሎ ሸለቆ በተንጣለለው ምድር፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በሚባሉት አገሮች፣ ዜማ ከጥንት ጀምሮ በሁለት መንገድ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። አንደኛው የቤተ ክህነት መንገድ ነው፤ ሁለተኛው የአዝማሪ።

ድጓን በየአድባራቱና በየገዳማቱ ሲማር የቆየ ደቀ መዝሙር፣ የድጓ መምህር ለመባል ሲሻ ጉዞውን የሚያቀናው በታች ጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ነው። በዚያች ደብር የጻፈውን ድጓ ከደብሩ ድጓ ጋር እያስተያየ ያርማል፤ ዜማውን በመምህራን ፊት እያዜመ ያስመሰክራል። በዚያው በጋይንት የሚገኘው ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ቅዱስ ያሬድ ዝማሬንና መዋሥዕትን የደረሰው በዙር አምባ እንደሆነ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያስረዳል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ማለትም ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ለዜማው ምልክት እንዳበጁለት ይነገራል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የሚባሉት ምልክቶች ከፊደሉ በላይና በታች ተጽፈው ድምፅ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆረጥ ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ ምልክቱ ብቻውን ዜማ አይሆንም። ከመምህር አፍ ያልሰማው ሰው ምልክቱን አይቶ ሊያዜመው አይችልም። ስለዚህ ብራናው ምስክር ያስፈልገዋል፤ ምስክሩም ብራና ያስፈልገዋል።

አዝማሪው ግን ብራናም ደብርም የለውም። በአንድ የፈረስ ጭራ በተወጠረ መሰንቆ የሚጫወተውን ዜማ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ሰምቶ ይይዛል፤ በሠርግ ቤት፣ በጠጅ ቤት፣ በመኳንንት አዳራሽ ያሰማዋል፤ ሲያረጅ ለልጁ ይተወዋል። ልጁ ሌላ ሥራ ከያዘ ዜማው ከአባትየው ጋር መቃብር ይወርዳል።

ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲጀምር ሦስተኛ መንገድ መጣ። እርሱም ሸክላ ነው። በ1908 ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ የኢትዮጵያ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዘፋኙ ተለይቶ የሚኖርበት ዕድል ተገኘ። ሸክላው አይረሳም፤ አያረጅም፤ ልጅም አይፈልግም ተባለ። ይህ እምነት ምን ያህል እውነት ነበር? ጥያቄውን ለመመለስ የአንድ ሸክላ ታሪክ መከተል ይበቃል፤ ይኸውም ዋሊያስ ባንድ በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» የተባለው አልበም ነው።

የሸክላ ንግድ እንዴት እንደተከፈተ

ከጦርነቱ በኋላ በ1948 በወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ መሠረት፣ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ በቴአትርም በሙዚቃም ለአገር ያበረከተው ብዙ ነው። ነገር ግን በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ ሠራዊትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ውስጥ ሳክስፎንና ትራምፔት፣ ጊታርና ኦርጋን እየተማረ ያደገው ትውልድ፣ ሙዚቃው በየሌሊቱ በየክበቡ እየተሰማ፣ ጠዋት ሲሆን የሚቀረው ነገር አልነበረም። ሬዲዮ ያስተላልፈዋል፤ ሰው ግን ገዝቶ ወደ ቤቱ ሊወስደው አይችልም።

ይህን አጥር የጣሰው አምኃ እሸቴ ነው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜው የነበረው ይህ የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ እታሰራለሁ የሚል ሥጋት እያለበት፣ በ1969 የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሱ ስም ቀርጾ፣ ሸክላውን ሕንድ አገር አሳትሞ ለገበያ አቀረበ። ከዚያም እስከ 1975 ድረስ አምኃ ሪከርድስ 103 ያህል ባለ 45 ዙር ሸክላዎችንና ወደ አሥራ ሁለት የሚጠጉ ረጃጅም አልበሞችን አሳተመ። ፊሊፕስም ተከተለ። ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋም «ካይፋ ሪከርድስ»ን አቋቋመ፤ በ1975 የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ያወጣው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዘፈኑ የሚቀረጸው አዲስ አበባ ቢሆንም ሸክላው የሚታተመው በባዕድ አገር ነበር፤ በአገር ውስጥ ማተሚያ አልነበረም። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራ ስቱዲዮም እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ የሆቴልና የምሽት ክበብ አዳራሽ ቀን ቀን የመቅረጫ ስፍራ ይሆን ነበር። ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» የተቀረጸው በግዮን ሆቴል ክበብ ውስጥ በሦስት ከሰዓት በኋላዎች ነበር። ተጫዋቾቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራሉ። በየሌሊቱ አብረው የሚጫወቱ ባንዶች እንዲህ ያለውን ሥራ በሦስት ቀን ለመጨረስ መቻላቸው አያስደንቅም፤ ልምምዳቸው የዕለት እንጀራቸው ነበርና።

ዋሊያስ

ዋሊያስ ባንድ የተመሠረተው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ቬኑስ በተባለው የምሽት ክበብ ይጫወቱ በነበሩ ሙዚቀኞች ነው። ስሙን የወሰደው በሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ ከሚኖረው ከዋልያ ነው። ገደል ለገደል የሚዘል፣ ከአገሩ ውጭ የማይገኝ እንስሳ መሆኑን ላስተዋለ ሰው ስሙ በከንቱ የተመረጠ አይመስለውም። ከዚያን ጊዜ ባንዶች የሚለየው ዋና ነገር ግን ስሙ ሳይሆን አቋሙ ነበር። ብዙዎቹ ሙዚቀኞች በክበብ ባለቤቱ መሣሪያ የሚጫወቱ፣ ክበቡ ሲዘጋ የሚበተኑ ተቀጣሪዎች ነበሩ። ዋሊያሶች ግን የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው፣ ራሳቸውን በራሳቸው እያስተዳደሩ የሚዋዋሉ ሆኑ። አዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት የተጫወቱት በዚህ አቋም ነው።

የ1974 አብዮት ሲፈነዳና የሰዓት እላፊ ገደብ ሲታወጅ፣ የከተማይቱ ሌሊት ፀጥ አለ። በትልልቅ ሆቴሎች አዳራሽ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ገደቡ ከመጀመሩ በፊት የገባ እንግዳ ገደቡ እስኪነሣ መውጣት ስለማይችል፣ ባንዱ እስኪነጋ ድረስ ይጫወት ነበር። ውጭ የጥይት ድምፅ በሚሰማበት፣ ወላጆች የልጆቻቸውን ሬሳ በየጎዳናው በሚፈልጉበት በዚያ በ1977 ዓመት፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ኦርጋንና ሳክስፎን እየተቀባበሉ ያነጉ ነበር። ይህን መናገር ሙዚቀኞቹን መውቀስ አይደለም። ሌሊቱን ለማንጋት የተቀጠረ ሰው ያነጋዋል። «ቼ በለው» ግን የተወለደው በየትኛው ሌሊት እንደሆነ ሳያስታውሱ አልበሙን ማዳመጥ፣ ታሪኩን በግማሽ ማወቅ ነው።

ስምንት ሰዎች፣ አንድ ሸክላ

«ቼ» ፈረስ ወይም በቅሎ የሚነዳ ሰው እንስሳውን ለማነሣሣት የሚያሰማው ድምፅ ነው። «ቼ በለው» ማለት ንዳው፣ ጋልበው ማለት ነው። በጎንደርና በጎጃም ደጋ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያሻውም። ዋሊያሶች ይህን የፈረሰኛ ቃል የአልበማቸው ስም ሲያደርጉ፣ በውስጡ መሪ ድምፃዊ አላስገቡም። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ግርማ በየነ በፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ማሕሙድ አማን በጊታር፣ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ ተማረ ሐረጉ በድራም ተሰለፉ። በእንግድነትም ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተጨመረ። በአምኃና በካይፋ ሸክላዎች ላይ ግጥም በመድረስና ሙዚቃ በማቀናበር ስሙን የተከለው ግርማና፣ በ1972 ኒውዮርክ ላይ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም ያወጣው ሙላቱ በአንድ ሸክላ ላይ መገናኘታቸው ብቻውን አልበሙን የዘመኑ ሸንጎ ያሰኘዋል።

ለምን ያለ ዘፋኝ? በዚያ ዘመን የዘፈን ግጥም ከመታተሙ በፊት በሳንሱር ይመረመር እንደነበር የታወቀ ነው። ቃል የሌለው ዜማ ለመርማሪው ብዙ የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። ነገር ግን ባንዱ ቃልን የተወው ከሳንሱር ለመሸሽ ብቻ ነው ማለት ታሪኩን ማጥበብ ይሆናል። ጌታቸው መኩሪያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሽለላንና የፉከራን ድምፅ ወደ ሳክስፎን አዛውሮ፣ በ1972 በፊሊፕስ በወጣው አልበሙ አስመስክሮ ነበር። አድማጩ ፉከራውን ያለ ቃሉ ያውቀዋል፤ ቃሉን በልቡ ይሞላዋል። ዋሊያሶችም በየሌሊቱ በሆቴሉ ለኢትዮጵያዊውም ለባዕዱም እንግዳ በአንድነት ሲጫወቱ፣ ዜማው ያለ ቃሉ መቆም አለመቆሙን ሲፈትኑ የኖሩ ናቸው።

የአልበሙ ጥንካሬም ከዚህ ይመነጫል። «ሎሚ ተራ ተራ»ን የመሰለ የታወቀ የአገር ዜማ ከ«እቲ ጓል ብሌናይ» ጋር ጎን ለጎን ይገኝበታል፤ በጦርነት ላይ በነበረች አገር አማርኛና ትግርኛ ዜማ በአንድ ሸክላ ላይ ሳይጣሉ ተቀምጠዋል። በስፋት የታወቀው ግን «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። ቤዝ ጊታሩ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ሳይሰለች ይደጋግማል፤ ነፋስ መሣሪያዎቹ በላዩ ይመጣሉ፤ ኦርጋኑ ይመልሳል። መሰንቆ የሚያዳምጥ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። አዝማሪው አንዲትን ሐረግ ደጋግሞ እየመታ፣ ግጥም ተቀባዩ ስንኝ እስኪነግረው ድረስ የሚጠብቅበት ያ ፋታ፣ እዚህ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ተሠርቷል። የዘመናዊ ሙዚቃ ተቺዎች ከአሜሪካ ነፍስ ሙዚቃና ከፈንክ የመጣውን በትክክል ያስተውላሉ፤ ከጠጅ ቤቱ የመጣውን ግን የሚያስተውለው ጠጅ ቤቱን የሚያውቅ ነው።

መበተን

«ቼ በለው» ከመጨረሻዎቹ የኢትዮጵያ ሸክላዎች አንዱ ነበር። ከ1970ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ ገበያውን ካሴት ወረሰው። ካሴት ለሰፊው ሕዝብ ትልቅ ውለታ ውሏል። ባትሪ ብቻ በሚፈልግ ማጫወቻ ከመብራት ውጭ ወዳለው ገጠር ገባ፤ በቀላሉ ተገለበጠ፤ ርካሽም ሆነ። ነገር ግን ቅጂ ከቅጂ ሲገለበጥ ድምፁ እየደከመ ይሄዳል፤ የተጫዋቾቹ ስም ከልባሱ ላይ ይጠፋል፤ በላዩም ሌላ ዘፈን ሊቀረጽበት ይችላል። ሸክላ ማጫወቻው ሲሰበር ሸክላው አቧራ ጠጣ፤ «ቼ በለው»ም ከገበያ ወጣ።

ሰዎቹም ተበተኑ። አምኃ እሸቴ በ1975 አገሩን ለቆ ሄደ። በ1981 ዋሊያስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ በየከተማው ለሚገኙ ኢትዮጵያውያን ተጫወተ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ። ከአንድ ጠረጴዛ የሚበሉ ወንድማማቾች በውቅያኖስ ተከፈሉ።

ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻውን ተቀምጦ፣ አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ ኪቦርዶችን ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሠራ። ባንድ ያጣ ሰው ባንድን ሁሉ በሁለት እጁ ለመተካት የሞከረበት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኑሮውን የገፋው ታክሲ በመንዳት ነበር። በደለስ አየር ማረፊያ ተራ እስኪደርሰው ከመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ለጋዜጠኞች ተናግሯል።

የባሕር ዳሩ ካሴት

ብሪያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ከሚገኝ ሱቅ «ሸሞንሟናዬ»ን አገኘ። ካሴቱ ዋሽንግተን ላይ ተሠርቶ ጣና ዳር ድረስ መጥቶ፣ ወደ ሠላሳ ለሚጠጉ ዓመታት በመደርደሪያ ላይ የቆየ ነው። ከባሕር ዳር ወረታ፣ ከወረታ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ጋይንት የሚሄደው መንገድ ከዚያው ይጀምራል። ሺምኮቪትስ ኃይሉን ፈልጎ አገኘው፤ አልበሙም በ2013 እንደገና ታተመ። በ2014 «ቼ በለው» እንደገና ታትሞ ወጣ። «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተለ። ኃይሉ መርጊያም በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ ቀርጾ፣ በዓለም መድረኮች ላይ ተመልሶ ቆመ። ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳዊው አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጣ።

ከዚያ አስቀድሞም «ሙዚቃዊ ስልት» ብቻውን ዓለምን ይዞር ነበር። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ ማለቂያ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ኅትመት ካዳረሰው ሥራ አንዱ ነው። በ1998 ዳክታሪስ የተባለ የብሩክሊን ባንድ ተጫወተው። በ2006 ጌታቸው መኩሪያ ከሆላንዱ «ዘ ኤክስ» ጋር ባወጣው «ሞዓ አንበሳ» ውስጥ ደግሞ በሳክስፎኑ አሰማው። የባዕድ አገር ወጣቶች በቃላቸው የሚያውቁትን ዜማ፣ የአዲስ አበባ ወጣት ከኢንተርኔት ያገኘው ብርቅ ሆነ።

ይህን ታሪክ «ባዕዳን አገኙት» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ቤተልሔምም እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባታል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ቶማስ ፓከንሃም የተባለው አየርላንዳዊ ወደ ጋይንት ተጉዞ፣ ክብ በሆነው የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥንታዊው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተሸፍኖ መኖሩን አይቶ፣ በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አስታወቀ። ነገር ግን ድጓ ሊያስመሰክር የመጣ ደቀ መዝሙር ሁሉ በየዘመኑ በዚያ ቅጥር ውስጥ ሲያዜም ኖሯል፤ ለእርሱ የተገኘ አዲስ ነገር የለም። የባሕር ዳሩ ባለ ሱቅም ካሴቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አይደለም ያስቀመጠው፤ ሊሸጠው ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ቤተልሔም ባዕድ ባይመጣም ድጓዋ አይጠፋም ነበር። «ሸሞንሟናዬ» ግን ያ ሰው በዚያ ቀን ወደዚያ ሱቅ ባይገባ ኖሮ፣ መደርደሪያው ሲጸዳ ሊጣል ይችል ነበር። አንዱ በሥርዓት ዳነ፤ ሌላው በአጋጣሚ።

የምስክር ጥያቄ

ታዲያ ከሦስቱ መንገዶች የትኛው ጸና? ሸክላው ብቻውን አልጸናም። አይረሳም የተባለው ዕቃ ማጫወቻው ሲቀየር ተረሳ። ብራናም ቢሆን ብቻውን አይጸናም፤ ይሰረቃል፤ ይቃጠላል። ቤተልሔምን ያጸናት ብራናውና ሰው የተጣመሩበት ሥርዓት ነው፤ ማን አስተማረ፣ ማን ተማረ፣ የማን ድጓ ከማን ጋር ታረመ የሚለው ሁሉ ምስክር አለው። የሸክላው ዘመን ሙዚቃ ያጣው ይህንኑ ነው። ሸክላው ባዕድ አገር ታተመ፤ የሚሰበስበው ቤት አልነበረም፤ ሰዎቹ ሲሰደዱ የሥራው ምስክር አብሮ ተሰደደ። ስለዚህም ነው የዚያ ዘመን ታሪክ አብዛኛው በፓሪስና በኒውዮርክ የተጻፈው።

ከሁሉ የባሰ ጉዳት የደረሰው ግን በዋሊያስ ላይ አይደለም። ዋሊያስ ቢያንስ ሸክላ ነበረው፤ ስለዚህ ሊመለስ ቻለ። በስማዳ ወይም በእስቴ ገበያ መሰንቆውን ይዞ ሲጫወት ኖሮ የሞተው አዝማሪ ብራናም፣ ሸክላም፣ ካሴትም የለውም። አዲስ አበባ ላይ በኦርጋን ተሠርቶ ዓለምን ያስደነቀው የአደጋገም ስልት የእርሱ ሀብት ሆኖ ሳለ፣ በባሕር ዳር መደርደሪያ ላይ እንኳ የሚፈለግ ነገር አልተወም።

ዛሬ በማንኛውም መምህር ኪስ ውስጥ በ1977 አንድ ስቱዲዮ ያልነበረው መቅረጫ አለ። በየወረዳው የባህል ሠራተኛ አለ፤ በየትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ አለ፤ በአዲስ አበባ በያሬድ ስም የሚጠራ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። የጎደለው መሣሪያ አይደለም፤ የማስመስከር ልማድ ነው። አንድ አዝማሪ ሲቀረጽ ስሙ፣ አገሩ፣ ዜማውን ከማን እንደተማረው፣ የተቀረጸበት ቀንና ስፍራ አብሮ መጻፍ አለበት፤ ቅጂውም ከአንድ ቦታ በላይ መቀመጥ አለበት፤ ከሁሉ በላይ ዜማውን በመሰንቆ መልሶ የሚጫወት አንድ ወጣት ከአጠገቡ መቀመጥ አለበት። ይህ ከባድ ገንዘብ አይጠይቅም። የጋይንት መምህራን ከዚህ ባነሰ ዕቃ ለብዙ ዘመናት ሠርተውታል።

«ቼ በለው»ን ዛሬ የሚያዳምጥ ሰው ከላይ ከተጻፉት ስምንት ስሞች አንዱን እንኳ ለይቶ፣ ይህ ድምፅ የእርሱ ነው ለማለት ቢለማመድ፣ ምስክርነቱ ተጀመረ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ የሚከብደው ነው፤ በስማዳ ገበያ ዛሬ የሚጫወተው አዝማሪ ስሙ ማን ይባላል?